ሻምፒዮኖቹ ሲሄዱ የቆየ ሊግ፦ የጀርመን የቼዝ ክለቦች ውድድር ከአካባቢ ምድብ እስከ ቡንደስሊጋ

የሉቤክ ቼዝ ክለብ በ2003 ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ከሊጉ ራሱን አገለለ። በ2004 ሻምፒዮን የሆነው የፖርዝ ክለብም በሚቀጥለው የውድድር ዘመን በከፍተኛው ሊግ አልታየም። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ሻምፒዮኖችን ያጣ ውድድር ሊዳከም ይገባው ነበር፤ የቼዝ ቡንደስሊጋ ግን በወቅቱ ቀጠለ፣ በ2005 ቨርደር ብሬመንን ሻምፒዮን አድርጎ ዘመኑን ዘጋ። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ነው፦ በአናቱ ላይ ያሉት ክለቦች ሲመጡና ሲሄዱ ሊጉን ያቆመው ምንድን ነው? ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከአካባቢ ምድብ ወደ አንድ ሊግ

የጀርመን ቼዝ ፌዴሬሽን በ1877 በላይፕሲግ ከተማ ተመሠረተ። የቡድን ውድድር ግን ለረጅም ጊዜ በየግዛቱ ተወስኖ የቆየ ጉዳይ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በምዕራብ ጀርመን የየግዛቱ አሸናፊዎች ተገናኝተው የአገሪቱን ሻምፒዮን ይለዩ ነበር። በ1974/75 የውድድር ዘመን ቡንደስሊጋ የሚለው ስም ሥራ ላይ ሲውል እንኳ ውድድሩ አንድ ሊግ አልነበረም፤ በአራት አካባቢያዊ ምድቦች የተከፈለ ሆኖ ሻምፒዮኑ በምድቦቹ አናት ላይ በወጡት ክለቦች መካከል በሚደረግ የመጨረሻ ግጥሚያ ይለይ ነበር።

የዚህ አደረጃጀት ምክንያት ከቼዝ ይልቅ ከመንገድ ጋር የተያያዘ ነው። የአብዛኞቹ ክለቦች ተጫዋቾች በሳምንቱ ውስጥ ሥራ ወይም ትምህርት ላይ የሚውሉ ሰዎች ነበሩ፤ ከሐምቡርግ እስከ ሙኒክ ያለው መንገድ ደግሞ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አካባቢያዊው ምድብ ወጪንና ድካምን ቀነሰ፤ በአንጻሩ ጠንካሮቹ ክለቦች በዓመቱ መጨረሻ ካልሆነ በቀር እርስ በርስ እንዳይገናኙ አደረገ። በ1980/81 የተወሰደው እርምጃ ይህን ሚዛን ለወጠ፦ 16 ክለቦች ያሉበት፣ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር በስምንት ሰሌዳ የሚገጥምበት አንድ ሊግ ተቋቋመ። በዚህ ስሌት አንድ የውድድር ዘመን 15 ዙሮች፣ 120 ግጥሚያዎችና 960 ጨዋታዎች ይኖሩታል።

የርቀቱ ችግር የተፈታበት ዘዴ ጠለቅ ብሎ ሊታይ የሚገባው ነው። ጎረቤት የሆኑ ሁለት ክለቦች «የጉዞ ጥንድ» ተብለው ይጣመራሉ። በአንድ የሳምንት መጨረሻ አንዱ ጥንድ ወደ ሌላው ጥንድ አካባቢ ይሄዳል፤ አራቱ ክለቦች በአንድ ቦታ ይገናኙና ቅዳሜ ከአንደኛው፣ እሑድ ተቀይረው ከሌላኛው ጋር ይጫወታሉ። ስምንቱ ጥንዶች በዚህ መንገድ ሲዟዟሩ ሰባት የሳምንት መጨረሻዎች 14 ዙሮችን ይሸፍናሉ፤ የቀረው አንድ ዙር ክለቡ ከራሱ የጉዞ ጥንድ ጋር የሚገጥምበት ነው። ቀላል የሒሳብ ዘዴ ቢመስልም፣ ደመወዝ የማይከፈለው ተጫዋች የሥራ ቀኑን ሳያጣ በአገር አቀፍ ሊግ እንዲሰለፍ ያስቻለው ይኸው ነው።

አካባቢያዊው ውድድርም አልጠፋም፤ አንድ ደረጃ ወደ ታች ወረደ እንጂ። ሁለተኛው ቡንደስሊጋ በአራት አካባቢያዊ ምድቦች ይካሄዳል፤ ከእሱ በታች ኦበርሊጋ፣ ቀጥሎም የየግዛቱና የየከተማው ሊጎች አሉ። ከታች ያለው ያድጋል፣ ከላይ ያለው ይወርዳል።

ሃያ ዓመት፣ ሦስት ክለቦች

ከ1981 እስከ 2000 በተካሄዱት 20 የውድድር ዘመናት ሻምፒዮን የሆኑት ሦስት ክለቦች ብቻ ናቸው፦ ባየርን ሙኒክ 9 ጊዜ፣ ፖርዝ 7 ጊዜ፣ ዞሊንገን 4 ጊዜ። የእግር ኳሱ ባየርን የቼዝ ክፍል ያለው መሆኑ ለብዙ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ በጀርመን ግን አንድ የስፖርት ማኅበር በርካታ ስፖርቶችን በሥሩ ማቀፉ የተለመደ ነው፤ ቨርደር ብሬመንም እንዲሁ ነው። የባየርን የቼዝ ክፍል በ1992 የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫንም አሸንፏል። ከ1995 በኋላ ግን የጀርመን ሻምፒዮን አልሆነም።

ሌሎቹ ሁለቱ ክለቦች ከሰው ስም ጋር ተያይዘው ይነሣሉ። ዞሊንገን በኢንዱስትሪ ባለሀብቱ ኤጎን ኤቨርትስ፣ ፖርዝ ደግሞ በኮሎኙ ባለሀብት ቪልፍሪድ ሂልገርት ድጋፍ ተጠናከሩ። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦሪስ ስፓስኪ ከ1980 እስከ 1990 ለዞሊንገን መሰለፉ የዚህ አቅም ምልክት ነው። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎች ላይ ከውጭ የመጡ ግራንድ ማስተሮችን ማየት የተለመደ ሆነ።

ጥያቄው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ክለብ ማለት በአንድ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ማኅበር ከሆነ፣ በዓመት ለጥቂት ቀናት በአውሮፕላን መጥቶ የሚመለስ ተጫዋች የማን ተወካይ ነው? በአንድ በኩል ያለ ባለሀብቱ ገንዘብ ሊጉ ከዓለም ጠንካራ የቡድን ውድድሮች አንዱ ባልሆነ ነበር፤ በአንድ አነስተኛ ከተማ አዳራሽ የሚጫወት መምህር ወይም ተማሪ ከዓለም ታዋቂ ተጫዋች ፊት ለፊት የሚቀመጥበት ዕድልም ባልተፈጠረ ነበር። በሌላ በኩል የአንድ ሰው ፍላጎት ሲቀየር ቡድኑም ይቀየራል። ፖርዝ ከ2004 በኋላ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ በሁለተኛው ቡንደስሊጋ በግራንድ ማስተሮች ተጠናክሮ እየተጫወተ፣ የማደግ መብት ሲያገኝም ላለማደግ መረጠ። ደንቡ ማደግን መብት እንጂ ግዴታ ስላላደረገው ክለቡን የሚያስገድደው አልነበረም። ድርጊቱ ደንብ የጣሰ ባይሆንም፣ በዚያ ምድብ ውስጥ ለነበሩት አቅመ ደካማ ክለቦች ሸክም እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም።

ከ2006 እስከ 2015 ለአሥር ተከታታይ ዓመታት ሻምፒዮን የሆነው ባደን ባደንም የተገነባው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ግሬንከ በተባለው የኪራይ ፋይናንስ ኩባንያ ድጋፍ ቪሽዋናታን አናንድን የመሰሉ ተጫዋቾችን አሰለፈ። ተከታታይነቱን በ2016 የሰበረው አሮጌው ዞሊንገን ነበር። በ2018 ሁለቱ በእኩል ነጥብ ስለጨረሱ ሻምፒዮንነቱ በተጨማሪ ግጥሚያ ተለይቶ ለባደን ባደን ሆነ። ክለቦቹ ራሳቸው በ2007 የቼዝ ቡንደስሊጋ ማኅበርን መሥርተው የሊጉን አስተዳደር በእጃቸው ማስገባታቸውም የዚሁ ዘመን ውጤት ነው።

ምሥራቁ

የጀርመን ውህደት ለቼዝ የተለየ ትርጉም ነበረው። በምሥራቅ ጀርመን ቼዝ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከከፍተኛ የስፖርት ድጋፍ ተገልሎ ነበር፤ የአገሪቱ ወንዶች ቡድን ከ1972 በኋላ እስከ 1988 በቼዝ ኦሊምፒያድ አልተሳተፈም። ብዙዎቹ ክለቦች በፋብሪካና በመንግሥት ተቋማት ሥር የታቀፉ ስለነበሩ ፋብሪካው ሲዘጋ አዳራሹም ድጋፉም አብሮ ጠፋ። በ1991/92 የምሥራቁ ክለቦች ወደ ጋራው ሊግ ሲቀላቀሉ የተቀላቀሉት እኩል አቅም ይዘው አልነበረም። ከ1981 እስከ 2019 ባለው የሻምፒዮኖች ዝርዝር ላይ ከቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን አንድም ክለብ አይገኝም። የሴቶች ቡንደስሊጋ የተጀመረውም በዚሁ በ1991/92 ነው፤ የራሱ ጥናት የሚያስፈልገው ርእስ ነው።

ዝርዝሩ የማያሳየው

እስካሁን የቀረበው ትንተና በአብዛኛው በሻምፒዮኖች ዝርዝር ላይ የቆመ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ምንጭ ግን አሳሳች ሊሆን ይችላል። በ1830 የተመሠረተው የሐምቡርግ ቼዝ ክለብ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ክለቡ ቡንደስሊጋው አንድ ሊግ ከሆነበት ከ1980/81 እስከ 2019 አንድም ጊዜ ሻምፒዮን አልሆነም። ነገር ግን የራሱ የቼዝ ማእከል አለው፣ ልጆችን ያሠለጥናል፣ በከተማው ሊግ እስከ ታችኛው ደረጃ ድረስ በርካታ ቡድኖችን ያሰልፋል። በአናቱ የሚሰለፈው ስምንት ሰው ብቻ ቢሆንም ከሥሩ ያለው አባል ብዙ ነው። አንድ ደጋፊ ቢለየው ከመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ ተጫዋች ያጣ ይሆናል እንጂ አይፈርስም። ሉቤክና ፖርዝ የለቀቁትን ቦታ የሞሉት ከሁለተኛው ቡንደስሊጋ ያደጉ ክለቦች ናቸው፤ እነዚያን ያፈሩት ደግሞ የአካባቢ ሊጎች ናቸው። ስለዚህ የመነሻው ጥያቄ መልስ የሚገኘው በሊጉ አናት ሳይሆን በ1980 ወደ ታች በወረደው አካባቢያዊ መዋቅር ውስጥ ነው ለማለት ይቻላል።

የኮሮና ወረርሽኝ ይህን መዋቅር ፈትኖታል። በመጋቢት 2020 የ2019/20 ውድድር ተቋረጠ። የዓመቱ ሻምፒዮን እንዲለይ በመስከረም ወር ስምንት ክለቦች በካርልስሩኤ ተገናኝተው የተለየ ውድድር አካሄዱና ባደን ባደን አሸነፈ። የተቋረጠው ሊግ ግን አልተሰረዘም፤ ነጥቡ እንደተያዘ ቆይቶ የቀሩት ዙሮች ተካሂደው በጥቅምት 2021 ተጠናቀቀ፤ አሸናፊውም ያው ባደን ባደን ነበር።