ሲንክ ሲዛወር መጀመሪያ የሚለካው ፍሳሹ ነው

መግቢያ

በአርባ ምንጭም ሆነ በሌሎች የጋሞ ዞን ከተሞች የብዙ ነባር ቤቶች ማዕድ ቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ ጓሮ ውስጥ ነው ያለው። ቤት ሲታደስ ታዲያ ማዕድ ቤቱን፣ ቢያንስ የዕቃ ማጠቢያ ሲንኩን፣ ወደ ውስጥ ማስገባት እየተለመደ መጥቷል። ባለቤቶች አስቀድመው የሚጠይቁት «ውሃው እዚያ ይደርሳል ወይ?» ብለው ነው። በእኔ አመለካከት ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ቆሻሻው በየት ይወጣል?» የሚለው ነው። ንፁህ ውሃ በግፊት ስለሚሄድ ሽቅብም ይወጣል፣ ጥግም ይዞራል። ፍሳሽ ግን ቁልቁለት ካላገኘ አይንቀሳቀስም። ይህንን ሲቀላ ውስጥ በአንድ ዘመድ ቤት ከክፍል ጓደኛዬ ጋር በወሰድነው ልኬት ላስረዳ።

1. ተዳፋት

የቤቱ እመቤት ሲንኩ እንዲቀመጥ የፈለጉት ከመሐል ግድግዳው ሥር ነበር። ከዚያ እስከ ጓሮው ማንሆል 6 ሜትር ነው። ለ50 ሚ.ሜ. የፍሳሽ ቱቦ በተለምዶ የሚያዘው ተዳፋት 2 በመቶ፣ ማለትም በየሜትሩ 2 ሳ.ሜ. ስለሆነ በጠቅላላው 12 ሳ.ሜ. መውረድ አለበት። ቱቦው ከወለሉ በታች ቢያንስ 5 ሳ.ሜ. ሽፋን ይኑረው ካልን፣ ሲነሳ የቱቦው የውስጥ ሆድ 10 ሳ.ሜ. ገደማ፣ ማንሆሉ ጋ ሲደርስ ደግሞ 22 ሳ.ሜ. ጥልቀት ላይ ይሆናል። በውሃ ልክ ጎማ ስንለካው የማንሆሉ መግቢያ ከወለሉ 16 ሳ.ሜ. ብቻ ነው ዝቅ የሚለው። በ6 ሳ.ሜ. አነሰ ማለት ነው። ማንሆሉን ዝም ብሎ መቆፈርም አይቻልም፤ ወደ ሴፕቲክ ታንኩ የሚወስደው መውጫ ያለው በዚያው ከፍታ ነው።

እመቤቲቱ «ልጆቼ፣ ውሃ መቼም ቁልቁል መሄድ አያቅተውም» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ውሃው በ1 በመቶም ይሄዳል። የወጥ ዘይት፣ ቅቤና የቡና አተላ ግን ከውሃው እኩል አይሄዱም። ቀስ ብሎ በሚሄድ ውሃ ውስጥ ቅባቱ እየረጋ ከቱቦው ጋር ይጣበቃል፣ አተላው ይይዘዋል፣ ከጊዜ በኋላ ቱቦው ይደፈናል። ያን ጊዜ የሚፈርሰው የተነጠፈው ሴራሚክ ነው።

2. ሲፎንና አየር

ከሲንኩ ሥር ያለው የታጠፈ ቱቦ፣ ባለሙያዎች ሲፎን የሚሉት፣ ውስጡ ውሃ ይዞ የማንሆሉን ሽታ ይከለክላል። ከሲፎኑ በኋላ ያለው ቱቦ አየር ሳያገኝ ከረዘመ፣ ሲንኩ በአንዴ ሲለቀቅ የሚወርደው ውሃ የሲፎኑን ውሃ ጭምር ስቦ ይሄዳል። የእንግሊዝ የግንባታ መመሪያ አየር ማስገቢያ ለሌለው የ40 ሚ.ሜ. ቱቦ 3 ሜትር፣ ለ50 ሚ.ሜ. ደግሞ 4 ሜትር ወሰን ያስቀምጣል። በዚህ መሠረት የእኛው 6 ሜትር በተዳፋት ብቻ ሳይሆን በርዝመትም አልፏል። እንደኛ ባለ ሞቃት ከተማ ሌላም ነገር አለ፦ ሲንኩ ለሳምንታት ሳይሠራ ከቆየ የሲፎኑ ውሃ ተንኖ ያልቃል። ቤት ዘግቶ የሰነበተ ሰው ሽታ ቢያገኘው መጀመሪያ ውሃ ያፍስበት።

3. ግፊት

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሲንኩ የሚሠራው ከሮቶ ነው። የሮቶው መውጫ ከወለሉ 3 ሜትር፣ የሲንኩ ቧንቧ አፍ 1.1 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆኑ፣ ሮቶው ሊያልቅ ሲል የሚቀረን ሄድ 1.9 ሜትር ነው፤ ወደ 0.19 ባር መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር የፒፒአር ቧንቧ የሚጠራው በውጭ ዲያሜትሩ መሆኑን ነው። ወፍራም ግድግዳ ያለው የ20 ሚ.ሜ. ፒፒአር ውስጡ 13.2 ሚ.ሜ. ብቻ ሲሆን የ25ቱ 16.6 ሚ.ሜ. ነው። በሴኮንድ 0.15 ሊትር እንዲወርድ ፈልገን በሃዘን ዊልያምስ ቀመር ስናሰላው፣ 8 ሜትር ርዝመት ላይ በ20ው 1 ሜትር ያህል ሄድ ይጠፋል። በ25ቱ የሚጠፋው 35 ሳ.ሜ. ገደማ ነው። ይህ ኤልቦውንና ቫልቩን ሳይጨምር ነው። ስለዚህ በከተማው መስመር ግፊት የሚበቃ ቧንቧ በሮቶ ላይበቃ ይችላል። ሮቶው ከከተማው መስመር ጋር በአንድ ቧንቧ ከተገናኘም ውሃው ወደኋላ እንዳይመለስ የማይመልስ ቫልቭ የግድ ነው።

4. ግድግዳውና መድረሻው

ቤቱ ጭቃ ከሆነ ቧንቧን በግድግዳው ውስጥ መቅበር አይመከርም። ትንሽ ጠብታ ጭቃውን ታላላለች፣ እርጥበቱም ምስጥ ይጠራል። በግድግዳው ላይ በግልጽ ይሂድ፤ ቢያንጠባጥብ ወዲያው ይታያል። ውጭ የሚወጣ ፒቪሲ ደግሞ ከፀሐይ ይከለል፤ ለዓመታት ፀሐይ የመታው ፒቪሲ ተሰባሪ ይሆናል።

የፍሳሹ መድረሻም የእኛ ጉዳይ ነው። ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከሸንተረሩ ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ነው፣ የምትጠጣውም ከዚያው ስትቀዳ ኖራለች። በየግቢው የሚሰርገው ፍሳሽ የማይመለከተው ሰው የለም። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ከ1999 እስከ 2002 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ፣ በናኩሩ፣ በአሩሻና በኪትጉም የተካሄደው ሮሳ የተባለ ፕሮጀክት በከተማችን ከሞከራቸው ነገሮች አንዱ የእጣቢ ውሃ ማማ ነው። አፈር የተሞላ ቆሞ የሚቀመጥ ከረጢት ሆኖ መሐሉ የድንጋይ ዓምድ አለው፤ እጣቢው በድንጋዩ ላይ ይፈስሳል፣ በከረጢቱ ጎን ደግሞ አትክልት ይበቅላል። የማዕድ ቤት እጣቢ ከሽንት ቤት ፍሳሽ ተለይቶ ቢወጣ እንዲህ ያለ ዕድል ይኖረዋል።

5. መፍትሔውና ማጠቃለያ

ለእመቤቲቱ ያቀረብነው ሐሳብ ሲንኩ በኋላው ግድግዳ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ከማንሆሉ 2 ሜትር ላይ እንዲሆን ነው። ፍሳሹ ከወለሉ በላይ በ35 ሳ.ሜ. ከፍታ ግድግዳውን በስቶ ይወጣል፣ ውጭ ፍርግርግ ባለውና አየር በሚያገኝ መቀበያ ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ማንሆሉ ይገባል። ወለል አይፈርስም። እመቤቲቱ መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም ወጪውን ሲያነጻጽሩ ተስማሙ፤ ዕቃ እያጠቡ ጓሮውን ማየቱም ሳይጠላ።

ለማጠቃለል፣ የሥራው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የማንሆሉን መግቢያ ከፍታ መለካት፤ ከዚያ ወደ ሲንኩ በተዳፋት መቁጠር፤ ቦታውን መወሰን፤ በመጨረሻ የንፁህ ውሃውን ቧንቧ መምረጥ። ሲሚንቶና ሴራሚክ ከመምጣቱ በፊት የፍሳሹን ቱቦ ጫፍ ደፍኖ ውሃ መሙላት፣ የንፁህ ውሃውንም መስመር ሞልቶ ማሳደር ያስፈልጋል። ጠዋት መጋጠሚያው ሁሉ ደረቅ ከሆነ ይሸፈን። እኛ ተማሪዎችም በክፍል ስለ ትልልቅ መስመሮች የምናሰላው ስሌት በአንዲት ሲንክ ላይ ያው ራሱ መሆኑን ብናስተውል፣ ለሰፈራችን ሰው ዛሬውኑ የምንጠቅምበት ሙያ በእጃችን ነው።