በቤት ዋይፋይ ላይ ስለሚታዩ እንግዳ አድራሻዎች

ባለፈው ክረምት በቤታችን የኢንተርኔቱ መስመር እጅግ ቀርፋፋ ሆኖ ነበር። አንድ ዓርብ ማታ አባቴ በስልኩ ዜና ለማየት ቢሞክር ሥዕሉ እየቆመ ስላስቸገረው፥ «አንተ ይህን ነገር ትማራለህና እስቲ ማን እንደሚጠቀምበት እይልኝ» አለኝ። እኔም 192.168.1.1 የሚለውን ቍጥር ጽፌ የራውተሩን ገጽ ከፈትሁ። የተመዘገቡትን መሣሪያዎች ብቈጥራቸው ሰባት ሆኑ። በቤታችን ያሉት ግን አራት ስልክና አንድ ላፕቶፕ፥ በድምሩ አምስት ናቸው ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ ብዙም ሳላስብ፥ «አባዬ፥ ሁለት ሌቦች ገብተዋል» አልሁት።

በግቢያችን ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የሚኖር አንድ ወጣት ሠራተኛ አለ። አባቴ በማግሥቱ ጠዋት፥ ጎረቤቶች ከቧንቧው ውኃ ሲቀዱ፥ ጠርቶ በሰው ፊት ተናገረው። ወጣቱም «እኔ የራሴን ካርድ ነው የምሞላው፥ ጋሼ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ሳይመልስ ወደ ሥራው ሄደ። ያ ዝም ማለቱ ዕረፍት ስለ ነሣኝ ተመልሼ ዝርዝሩን በደንብ ለማንበብ ተቀመጥሁ። ያገኘሁትን ለጓደኞቼና ለወላጆች ባስረዳ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

በዝርዝሩ ላይ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት ዓይነት አድራሻ ይታያል። አንደኛው አይፒ አድራሻ ይባላል። ይህን ለገባው ሁሉ የሚያድለው ራውተሩ ራሱ ነው፤ በሆቴል ለእንግዳ እንደሚሰጥ የክፍል ቍጥር ማለት ነው። በ192.168 የሚጀምሩት ቍጥሮች ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የተተዉ ስለ ሆኑ፥ ያው 192.168.1.5 በእኛም ቤት በጎረቤትም ቤት ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ይህን ቍጥር ብቻ አይቶ መሣሪያው የማን እንደ ሆነ ማወቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ማክ አድራሻ የሚባለው ነው፤ ዋናውም ነገር ያለው በዚህ ላይ ነው። ዐሥራ ሁለት አኃዝ ሆኖ ሁለት ሁለት እየተደረገ በስድስት ጥንድ ይጻፋል። አኃዞቹ እንደ ተለመደው ከ0 እስከ 9 ብቻ አይደሉም፤ ከ10 እስከ 15 ላሉት ስድስት የላቲን ፊደላት፥ ማለትም ከኤ እስከ ኤፍ፥ ተጨምረዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥንዶች የፋብሪካው መለያ ሲሆኑ፥ ይህን መለያ የሚያድለው አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ነው። የቀሩትን ሦስት ጥንዶች ፋብሪካው ይሞላል፤ በአንድ መለያ ሥርም 16,777,216 መሣሪያዎችን ሊቈጥር ይችላል።

እንግዲህ አድራሻው ከፋብሪካ የሚወጣ ከሆነ ሌባውን መያዝ ቀላል ይመስላል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ የሁላችንን ስልክ ሰብስቤ «ስለ ስልኩ» በሚለው ገጽ ላይ ያለውን አድራሻ ከዝርዝሩ ጋር አስተያየሁ። አንዱም ስልክ አልተገኘም! የተገጣጠመው ላፕቶፑ ብቻ ነበር። በእኔ አቈጣጠር የራሴም ስልክ ሌባ ሆኖ አረፈው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የዛሬ ስልኮች ለሚገቡበት ለእያንዳንዱ ዋይፋይ የፈጠራ አድራሻ ያወጣሉ። ይህ በአንድሮይድ ከ10ኛው እትም፥ በአይፎንም ከ14ኛው እትም ጀምሮ የተለመደ አሠራር ሆኖአል፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የመጀመሪያው በ2019፥ ሁለተኛው በ2020 ወጡ። የማይለወጥ አድራሻ ባለቤቱን ለሚከታተሉ ሰዎች ያጋልጠዋልና። ለምሳሌ በ2013 በለንደን ሲቲ ማስታወቂያ የሚያሳዩ የቈሻሻ ማጠራቀሚያዎች በአጠገባቸው የሚያልፉትን ስልኮች አድራሻ ሲመዘግቡ ተገኝተው፥ የአካባቢው አስተዳደር እንዲቆም አድርጎአል። ቈሻሻ መጣያ ሰውን ይከታተላል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

የፈጠራውን አድራሻ ለመለየት ከግራ ሁለተኛውን አኃዝ ማየት ይበቃል። ያ አኃዝ በውስጡ 8፥ 4፥ 2 እና 1 የሚል ዋጋ ያላቸው አራት ቢቶች አሉት። የ1 ቦታ ለአንድ መሣሪያ ብቻ ሲሆን ባዶ ነው። የ2 ቦታ ባዶ ከሆነ አድራሻው ከፋብሪካ የተሰጠ፥ ከተሞላ ደግሞ በራስ የወጣ ነው። ስለዚህ በራስ በወጣ አድራሻ ላይ ሁለተኛው አኃዝ 2፥ 6፥ 10 ወይም 14 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ 10 እና 14 የሚጻፉት ኤ እና ኢ ተብለው ነው። በዝርዝራችን ከነበሩት ሰባት አምስቱ እንዲህ ያሉ ነበሩ። በስልኩ ላይ ይህ አድራሻ የሚገኘው የዋይፋዩን ስም ተጭነን ዝርዝር መግለጫውን ስንከፍት ነው፤ ከዚያ ወስጄ ባስተያያቸው አራቱም ስልኮች ተገኙ።

የቀሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ሰምቼው የማላውቅ የፋብሪካ ስም ነበረው። ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ብነቅለው ወዲያው ጠፋ! አጎቴ ለፋሲካ ቴሌቪዥኑን ከዋይፋዩ ጋር ማገናኘቱን ረስተነው ነበር። የተጻፈውም ስም በፊቱ ላይ ያለው ሳይሆን በውስጡ ያለውን የዋይፋይ ዕቃ የሠራው ፋብሪካ ስም ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ አስቸገረኝ። ሁሉን መሣሪያ ባጠፋም አልጠፋ አለ። በኋላ ግን ራውተሩ ሁለት ዝርዝር እንዳለው አስተዋልሁ፤ አንዱ አይፒ የተሰጣቸውን፥ ሌላው በዚያች ደቂቃ የተገናኙትን ያሳያል። ይህ አድራሻ ያለው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነበር። ዓርብ ቀን እናቴ ስልኳን ጥገና ቤት ወስዳ፥ እዚያ ያለውን ሁሉ አጥፍተው እንደ አዲስ አስነሥተውላት ነበር። ስልኩም ሲመለስ አዲስ አድራሻ አወጣ፤ የአሮጌው መዝገብ ደግሞ የተሰጠው የ24 ሰዓት ጊዜ እስኪያልቅ ቆየ። ቅዳሜ ማታ ብመለከት ጠፍቶአል።

በእውነት እንግዳ ቢገኝ ኖሮ የሚሻለው የይለፍ ቃሉን መለወጥ ነበር። አድራሻውን መከልከል እምብዛም አይረዳም፤ ስልክ አድራሻውን እንደሚለውጥ አይተናልና። መስመሩን ያዘገየው ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ እናቴ ቤት ስታሰናዳ ራውተሩን ከብረት ቁም ሣጥን ጀርባ አስቀምጣው ነበር።

ይህን ሁሉ ለአባቴ በደብተሬ ላይ ጽፌ አሳየሁት። ብዙ ሰዓት ዝም አለ። እናቴ ግን «በሰው ፊት ያልኸውን በሰው ፊት መልስ» ስላለችው፥ እሑድ ጠዋት ሰዎች ውኃ ሲቀዱ ወጥቶ ወጣቱን ጠራው። «ያጠፋነው እኛ ነን፤ ይቅር በለን» ሲለው፥ ወጣቱ ባልዲውን አስቀምጦ «ኧረ ጋሼ፥ ይተዉት» አለ። እኔም ደብተሩን እንደ ያዝሁ ከአባቴ ኋላ ቆሜ ተራዬን እጠብቅ ነበር።