ጎመን ከጓሮ ወደ ደጃፍ ሲመጣ፦ ከቤት ፊት ለፊት አትክልት መትከል ይፈቀዳል ወይ?

ካቻምና ሐምሌ ላይ እናቴ ከፖስታ ሳጥኑ ያወጣችውን ደብዳቤ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ክፍል ውስጥ ስለነበርኩ መልስ ሳልሰጣት ሦስት ሰዓት ያህል አለፈ። ስደውልላት ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ከበሩ እስከ መንገዱ የደረደረችውን ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ ነቅላ በፌስታል ሞልታዋለች። ደብዳቤው የመጣው ከሠፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ሁላችንም ኤችኦኤ ከምንለው ነው። «ከቤትዎ ፊት ደንቡን ያልጠበቀ ተክል አለ፤ በ14 ቀን ውስጥ ያስተካክሉ» ይላል። የትኛው ተክል እንደሆነ ግን አይናገርም።

ቅዳሜ ቤት ሄጄ የማኅበሩን የደንብ መጽሐፍ ከመሳቢያ አውጥቼ አነበብኩት። ከቤት ፊት ቁመቱ ከሦስት ጫማ የሚበልጥ ተክል ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይተከልም ይላል፤ ስለ አትክልት ሌላ ቃል የለውም። ከሦስት ጫማ በላይ የነበረው ዳር ላይ የቆመው አራት አገዳ በቆሎ ብቻ ነው። ጎመኑ ምንም አላጠፋም ነበር።

የዚህን እትም የጥናት ገጽ ለዚህ ጉዳይ የሰጠነው ለዚህ ነው። ብዙዎቻችን እንግሊዝኛ ደብዳቤ የምናነብላቸው ወላጆች አሉን፤ አንዳንዶቻችሁም ተመርቃችሁ የራሳችሁን ቤት ገዝታችኋል።

በእኛ ቋንቋ ነገሩ ከስሙ ይጀምራል። «የጓሮ አትክልት» እንላለን እንጂ «የደጃፍ አትክልት» ሲባል አልሰማሁም። ደጃፍ እንግዳ የሚቀበሉበት ነው፤ ጎመኑ፣ ጌሾው፣ ጤና አዳሙ ከኋላ ነው። ስለዚህ «ሳር ባለበት ቦታ ጎመን ምን ያደርጋል?» የሚለው አሜሪካዊ ጎረቤት ከአያቶቻችን ያን ያህል አይርቅም። ልዩነቱ ፀሐይ ላይ ነው። አብዛኛው አትክልት በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል፤ እዚህ ደግሞ የብዙ ቤት ጓሮ በዛፍ ወይም በራሱ በቤቱ ጥላ የተሸፈነ ነው። እናቴ ወደ ፊት የመጣችው ፀሐይዋን ተከትላ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ከተሞች ቦታ ለምን እንደሚውል በደንብ የመወሰን ሥልጣናቸው፣ ዞኒንግ የሚባለው፣ በ1926 ዩክሊድ በተባለችው የኦሃዮ መንደር ጉዳይ በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጸንቷል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ደንብ ሲከሰስ ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ደንቡ ጥሩ መሆኑን ሳይሆን ምክንያታዊ መሠረት ያለው መሆኑን ነው። የሠፈር ውበትን መጠበቅ እንደ ምክንያት ይበቃል። ከሳሽን የሚያደክመው ይህ ነው።

የታወቀው ምሳሌ ፍሎሪዳ ነው። ማያሚ ሾርስ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ባልና ሚስት ከቤታቸው ፊት ለ17 ዓመት አትክልት ሲያበቅሉ ኖሩ፤ ጓሯቸው በቂ ፀሐይ አልነበረውም። በ2013 ከተማዋ ደንቧን አሻሽላ አትክልት ከጓሮ ውጭ እንዳይተከል ከለከለች። አበባና ፍራፍሬ አልተከለከለም፤ እዚህ ላይ ቲማቲም ፍሬ ነው ወይስ አትክልት የሚለውን የድሮ ክርክር ለራሳችሁ ተዉት። ቅጣቱ በቀን 50 ዶላር ነበር፤ በወር 1,500 ማለት ነው። ባልና ሚስቱ ነቀሉ፤ ከነቀሉ በኋላ ግን ከሰሱ። በ2016 ተረቱ፣ በ2017 ይግባኙም አልተሳካም፣ በ2018 የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አላይም አለ።

ነገሩ ያለቀ ሲመስል የክልሉ ምክር ቤት ሕግ አወጣ። ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በፍሎሪዳ ከተማም ሆነ ካውንቲ በመኖሪያ ግቢ አትክልት መትከልን መከልከል አይችልም። የውኃ አጠቃቀምን፣ የማዳበሪያንና የወራሪ ተክልን የሚመለከቱ አጠቃላይ ደንቦች ግን እንዳሉ ናቸው። ኢሊኖይም ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ተመሳሳይ ሕግ አላት። ባልና ሚስቱ በፍርድ ቤት ያጡትን በምክር ቤት አገኙ። የፖለቲካ ሳይንስ የምታጠኑ ይህን ለሴሚናር ወረቀት ብታስቡበት ይሻላል፤ ከብዙ ርእስ የተሻለ ነው።

ሚሺጋን ውስጥ ኦክ ፓርክ በተባለች ከተማ የሆነው ደግሞ ደንብን ቃል በቃል ማንበብ ለምን እንደሚጠቅም ያሳያል። በ2011 አንዲት እናት ከቤቷ ፊት አትክልት በመትከሏ እስከ 93 ቀን እስራት ሊያስቀጣ የሚችል ክስ ቀረበባት። የከተማዋ ደንብ አትክልትን በስም አይከለክልም፤ የሚለው ከፊት ያለው ተክል «ተስማሚ» ይሁን ነው። ከተማዋ ተስማሚ ማለት የተለመደ ማለት ነው ብላ ተረጎመችው። ወሬው አገር ምድሩን ካዳረሰ በኋላ ክሱ ቀረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የፍሎሪዳው ሕግ የሚያስረው መንግሥትን ነው፤ ኤችኦኤን አይነካም። ኤችኦኤ ቤቱን ስትገዙ የፈረማችሁት ውል ነው። ካሊፎርኒያ የማኅበር ደንብ ለራስ ፍጆታ የሚሆን እርሻን እንዳይከለክል በሕግ ወስናለች፤ ሕጉ የሚጠቅሰው ግን ጓሮን ብቻ ነው። ተከራይ ከሆናችሁ መጀመሪያ የሚታየው የኪራይ ውሉ ነው። በእግረኛ መንገዱና በመኪና መንገዱ መካከል ያለችው ቀጭን መሬት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሕዝብ ናት። በሎስ አንጀለስ ሮን ፊንሊ በ2010 እዚያ ላይ አትክልት ተክሎ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ነበር፤ ከተማዋ ደንቧን ያላላችው በኋላ ነው።

ሕጉ ቢፈቅድም መሬቱን መመርመር ያስፈልጋል። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ግድግዳው እርሳስ ባለው ቀለም ተቀብቶ ሊሆን ይችላል፤ የተላጠው ቀለም የሚወርደው ግድግዳው ሥር ነው። መንገድ ዳር ያለ አፈር ደግሞ የድሮው ቤንዚን እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር ከቲማቲምና ከቃሪያ ይልቅ ያሰጋሉ፤ ጎመን ላይ አቧራው ያርፋል። በርካታ የክልል ዩኒቨርሲቲዎች አፈር በአነስተኛ ክፍያ ይመረምራሉ። ጥርጣሬ ካለ ከሥር ጨርቅ አንጥፎ፣ በእንጨት ሳጥን ከውጭ የመጣ አፈር ሞልቶ መትከል ነው። ከመቆፈራችሁ ጥቂት ቀን በፊት 811 ደውሉ፤ የጋዝና የመብራት መስመሩን በነፃ መጥተው ምልክት ያደርጉላችኋል። መስመሩ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በፊት ለፊቱ ግቢ ነው።

ጎረቤትም እውነት አለው። በኅዳር የደረቀ የቲማቲም አገዳ ታስሮበት የቀረ ግቢ እኔም አልወደውም። ዳሩን በድንጋይ መከለል፣ ከፊት አበባ ማስቀደም፣ ሲያልቅ መጥረግ ከክርክር ይቀላል።

እናቴ ዘንድሮ በመጋቢት ለማኅበሩ ኮሚቴ በወረቀት የተሳለ አንድ ገጽ ዕቅድ አስገባች። ሥዕሉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስንት ረድፍ እንደሚሆን የወሰነችው እሷ ናት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎመኑም ቃሪያውም ተፈቀደ፤ በቆሎው አልተፈቀደም። ፈቃዱን በፕላስቲክ ሸፍና ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች፤ ለጠየቀም ላልጠየቀም ታሳያለች።