በአርባ ዓመት «ገበያው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ

 

ዛሬ ስለ አባትህ እናውራ።

እንበል፣ አባትህ የሚኖሩት ጎሬ ነው። ዕድሜያቸው አርባን አልፏል፤ ትምህርታቸው ከስምንተኛ ክፍል አልዘለለም። የኖሩት ቡና ሲገዙ፣ ሲያሰጡ፣ ሲጭኑ ነው። አሁን ወገባቸው ጆንያ አይችልም። አንድ ማታ ከዒሻ በኋላ «ልብስ ስፌት ልማር ነው» አሉ። የሚያስተምራቸው ልጅ የአንተ እኩያ ነው። እውነቱን እንነጋገር፦ አፈርክ አይደል? «ሰው ምን ይላል?» አልክ አይደል?

እስቲ ቆም ብለን እናስብ።

ጎሬ ራሷ ሥራዋን የቀየረች ከተማ ናት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቡናዋ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር። ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ ደግሞ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሻገራል። ኋላ የመኪና መንገድ ንግዱን ወደ አዲስ አበባ አዞረው። በደርግ ዘመን የኢሉባቦር ዋና ከተማነትም ወደ መቱ ሄደ። በቅሎ ነጂውም፣ ጫኙም፣ ባለ ሱቁም ሌላ እንጀራ መፈለግ ነበረባቸው። ያኔ ዲግሪ የያዘ ስንቱ ነበር?

አሁን ወደ መዲና እንሂድ። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ወደ ሐበሻ ምድር ከተሰደዱት ሰሐቦች አንዱ ነው። የተወለደው ከዝሆኑ ዓመት አሥር ዓመት ያህል በኋላ እንደሆነ ይነገራል፤ ስለዚህ ወደ መዲና ሲሰደድ አርባን አልፏል። ንብረቱ መካ ቀርቷል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ከሀብቱ ግማሹን ሊያካፍለው ፈለገ። ዐብዱረሕማን ግን ዱዓ አደረገለትና ገበያውን እንዲያሳየው ብቻ ጠየቀው። ቡኻሪ እንደዘገቡት በቅቤና በደረቀ አይብ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ትዳር መሠረተ።

ልብ በል! ንብረቱ መካ ቢቀርም ንግድ ማወቁና አማናው አብረውት መጥተዋል። አባትህም ከዜሮ አይጀምሩም። ሚዛን አያጭበረብሩም፤ ደንበኛ መያዝ ያውቃሉ፤ የዱቤ ሒሳብ ይይዛሉ። የሚጎድላቸው መቀሱና መርፌው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ይለመዳል።

«ከልጅ መማር ያሳፍራል» የምትል ከሆነ፣ በየጁሙዓው የምንቀራውን ሱረቱል ካህፍን አስታውስ። ሙሳ (ዐ.ሰ) ነብይ ሆነው ሳለ ያላወቁትን ለመማር ረጅም መንገድ ተጓዙ፤ «ልከተልህና አስተምረኝ» ብለው ፈቃድ ጠየቁ። ነብይ ለዕውቀት ዝቅ ካለ፣ የአንድ ቤት አባወራ ከስፌት መኪና ፊት ቢቀመጥ ምኑ ነውር ነው?

ታዲያ ተወኩል ያለ ሰበብ አይሆንም። ሰውየው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ኢስቲኻራ ይስገድ፤ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎችንም ያማክር። ሁለተኛ፣ አዲሱ ሥራ ቤት ማስተዳደር እስኪጀምር የድሮውን በአንዴ አይጣል። ግማሽ ቀን እዚህ፣ ግማሽ ቀን እዚያ ይሁን። ሦስተኛ፣ በወለድ ተበድሮ መኪና ከመግዛት ይልቅ መጀመሪያ በሌላ ሰው መኪና ይሥራ። አራተኛ፣ እጁ ሲፈታ የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ይጠይቅ። ምዘናው የሚለካው መሥራት መቻልን ነው፤ ሙያውን በሥራ ላይ የለመደ ሰውም ይመዘናል። በአቅራቢያ ያለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሄዶ መጠየቅ ዋጋ አያስከፍልም።

ሁሉም እንደ ዐብዱረሕማን ባለጸጋ ይሆናል ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ሱሪ ሊበላሽ፣ የመጀመሪያው ዓመት ሊከብድ ይችላል። ሪዝቅ ግን በቡናው እጅ አልነበረም፤ በመርፌውም እጅ አይሆንም። ሰጪው አላህ ነው።

ይህ ትምህርት ለአንተም ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ሁሉ ሕይወቱ አብቅቷል ካልን፣ አብዛኛውን ወጣት ቀበርነው ማለት ነው። አባትህ በአርባ ዓመታቸው መማር ከቻሉ፣ አንተ በሃያ ምን ይከለክልሃል?

ሱረቱል ጁሙዓ ሶላቱ ሲያበቃ በምድር ተበትነን የአላህን ችሮታ እንድንፈልግ፣ እሱንም አብዝተን እንድናወሳ ታዘናለች። ስለዚህ ዛሬ ከመስጂድ ስትወጣ አባትህ ወደሚማሩበት ሱቅ ጎራ በል። ሰው እየሰማ «አባዬ፣ በርታልኝ» በላቸው። የመጀመሪያውን ሱሪም አንተ አሰፋ፤ ቢጣመምም ልበሰው።

ያ አላህ! አባቶቻችንንና እናቶቻችንን በሐላል አብቃቃልን፤ ለአዲስ ሥራ የተዘረጉ እጆችን በረካ አድርግባቸው። አሚን።