ጡንቻ መጨመርና የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዝላይ

በስፖርት ሜዳ ሁለት አስተያየት ሲከራከር እንሰማለን። አንዱ ወገን «ጡንቻ ያለው ከፍ ብሎ ይዘላል» ሲል፣ ሌላው ደግሞ «ኧረ የለም! ሰውነት ሲከብድ እግር ይታሰራል» ይላል። ነገ አርቦዬም ሆነ ሌላ የአርሲ ወረዳ ተመድበን ስንሄድ፣ ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ ክብደት የሚያነሳ ተማሪ ይህንኑ መጠየቁ አይቀርምና መልሱን ከአሁኑ ብናውቀው ይበጃል።

በመጀመሪያ የፊዚክስ ትምህርታችንን እናስታውስ። 60 ኪሎ የሚመዝን ተጫዋች ጉልበቱን አጥፎ ሲነሳ፣ መሬቱን በአማካይ በ1350 ኒውተን ኃይል በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይገፋል እንበል። የመሬት ስበትን 10 ብለን ብናሰላ የሠራው ሥራ 540 ጁል ነው። ከዚህ ውስጥ 240ው ገና ከመሬት ሳይለቅ የራሱን ክብደት በማንሳት ያልቃል፤ በቀረው 300 ጁል 50 ሳንቲ ሜትር ይዘላል።

አሁን ይኸው ልጅ 6 ኪሎ ጨመረ እንበል። የእግሩ ኃይል እንደነበረ ከቀረ ዝላዩ ወደ 42 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ኃይሉም እንደ ክብደቱ በ10 በመቶ ካደገ ያው 50 ነው፤ ለፋ እንጂ አላተረፈም። ኃይሉ በ20 በመቶ ካደገ ግን 58 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ ሁለቱም ተከራካሪዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል ማለት ነው። ወሳኙ ነገር ኃይሉ ከኪሎው በልጦ ማደጉ ነው።

የፍጥነትም ነገር እንዲሁ ነው። ሜዳው 28 ሜትር ብቻ ስለሆነ ተጫዋቹ ይነሳል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፣ እንደገና ይነሳል። በዚህ ሁሉ መሬቱን የሚገፋው የታፋ፣ የጭንና የባት ጡንቻ ነው። የደረትና የክንድ ጡንቻ ከቅርጫቱ ሥር ቦታ ለመያዝ ቢጠቅምም፣ ለዝላይ ግን ባብዛኛው ጭነት ነው።

«ታዲያ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ቀጭን ሆኖ አይደል ያሸነፈው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የአርሲው ልጅ በ10,000 ሜትር በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ወርቅ አግኝቷል። ነገር ግን እሱ ሰውነቱን ተሸክሞ 25 ዙር የሚሮጥ ነውና ትርፍ ኪሎ በየእርምጃው ያስከፍለዋል። የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ግን 3.05 ሜትር ላይ ወዳለው ቀለበት በአንድ ቅጽበት መነሳት አለበት። ማይክል ጆርዳንን እንመልከት፦ ቡድኑ ቺካጎ ቡልስ በ1990 እ.ኤ.አ. በዲትሮይት ፒስተንስ ከተሸነፈ በኋላ ክብደት እያነሳ ሰውነቱን አጠነከረ። በ1991 እ.ኤ.አ. ቡድኑ ዲትሮይትን 4 ለ 0 አሸንፎ ለሻምፒዮንነት በቃ።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የምንመክረው፦

ሀ) ጀማሪ በራሱ ክብደት ቁጭ ብድግ ይሥራ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥንካሬ የሚጨምረው ባብዛኛው ነርቮች ጡንቻን በደንብ ማዘዝ ስለሚለምዱ ነው፤ ያለ ኪሎ የሚገኝ ትርፍ ይሏል ይኼ ነው!

ለ) ልምምድ ያለ ምግብ ጡንቻ አይሆንም። ባቄላ፣ አተር፣ ወተትና እንቁላል ለዚህ ይጠቅማሉ።

ሐ) ክብደት የጨመረ ሰው ሲያርፍ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ የበለጠ ይመታሉ። በተለይ ሜዳው ደረቅ መሬት ሲሆን፣ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ በቀስታ ማረፍን አስቀድመን እናስተምር።

መ) በየወሩ እንለካ። ተማሪው ጣቱን ጠመኔ ቀብቶ መጀመሪያ ቆሞ፣ ቀጥሎ ዘሎ ግድግዳውን ይንካ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ዝላዩ ነው። ኪሎውም ምልክቱም ከወጣ ጡንቻው ሠርቷል። ኪሎው ወጥቶ ምልክቱ ከወረደ ግን ሸክም ተጨምሯልና ልምምዱ ይስተካከል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በአንድ ወር ደረቱን ለማስፋት የሚጣደፈውን ልጅ ተስፋ ሳናስቆርጥ ወደ ግድግዳውና ወደ ጠመኔው እንምራው። እሱንም ለማሳመን ከንግግራችን ይልቅ የገዛ ምልክቱ ይበቃዋል።