ትርፉን የጨረሰ ነጋዴ የማንን ደጅ ይጠናል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ፣ ጫጫ ላይ ገብስ የሚነግዱ ሸሪኮችን እናስብ። ዓመቱ ሲሞላ ትርፉን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይከፋፈላሉ። በሚቀጥለው መኸር መግዣ ሲያጥራቸው የወለድ ብድር ፊታቸው ይደቀናል። ነጋዴን ወደ ሪባ የሚገፋው ብዙ ጊዜ ድህነት ሳይሆን የተበላ ትርፍ ነው።

ገንዘቡን አስቀምጦ ዝም ማለትም መፍትሔ አይደለም። ያልተሠራበት 4 ሚሊዮን ብር በየዓመቱ 2.5 በመቶ ዘካ ሲወጣለት ከ10 ዓመት በኋላ ወደ 3.1 ሚሊዮን ይወርዳል። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) የየቲም ገንዘብ እንዲነገድበት መምከራቸው የሚወሳውም ዘካው ዋናውን እንዳይጨርሰው ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979ም ድርጅቶች ባላከፋፈሉትና መልሰው ሥራ ላይ ባላዋሉት ትርፍ ላይ ግብር ጥሏል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ዓመት የሞላው ገንዘብ ዘካው ይውጣ።

ሁለተኛ፣ ትርፍ የሸሪኮች ሁሉ ሐቅ ነው። ምን ያህሉ ወደ ሥራ እንደሚመለስ ከመነሻው ተስማምተው ይጻፉት፤ የአንዱን ድርሻ ያለ ፈቃዱ መያዝ አይገባም።

ሦስተኛ፣ የተመለሰው ገንዘብ ቋሚ ነገር ላይ ይዋል፤ መጋዘን ወይም ወፍጮ ላይ። ለሽያጭ የተቀመጠው ገብስ ዘካ አለበት፤ በብዙዎቹ ዑለማዎች ዘንድ የወፍጮው ዋጋ ግን የለበትም፤ ከሚያስገኘው ገቢ እንጂ። ይህ ግን ከዘካ መሸሻ ተንኮል አይሁን፤ ሥራ በኒያ ነው።

ቤተሰብ ይብላ፣ ምስኪን ይድረሰው፣ ንግዱም ድርሻውን ያግኝ። ወላሁ አዕለም።