በተቀባዩ ልክ
ስለ ሰርግና ስለ በዓል ስጦታ የቀረበ ትምህርት

ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ በሀገራችን የሰርግ ወራት ነው። ጥር 12 ቀን ቤተ ክርስቲያን ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሰርግ ቤት የተገኘበትን በዓል ታከብራለች፤ ምእመናንም ከዚያ ወዲያ ልጆቻቸውን ይድራሉ። በእነዚህ ሳምንታት ብዙ ሰው አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «ለሙሽሮቹ ምን ልስጥ? ከሌላው ስጦታ የሚለይ፣ እኔ እንደሰጠሁት የሚታወቅ፣ ደግሞም የሚያምር ነገር ከየት ላምጣ?» ጥያቄው መልካም ነው። ለመመለስ ግን አስቀድመን ጥቂት ቃላትን ለይተን ማወቅ ይገባናል።

የመጀመሪያው ቃል «ስጦታ» ነው። ስጦታ ማለት ሰው የራሱ የሆነውን ነገር ዋጋ ሳይጠይቅበት ለሌላው የሚያስረክበው ነው። በዚህ ፍቺ ውስጥ ሰጪ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ በሁለቱ መካከል የሚያልፈው ዕቃም አለ። ብዙዎቻችን ገበያ ስንወጣ የምናስበው ስለ ዕቃው ብቻ ነው፤ ስለዚህም እንደክማለን፣ ዕቃው ብዙ ነውና። ግእዙ እዚህ ላይ ይረዳናል። በግእዝ «ወሀበ» ማለት ሰጠ ማለት ነው፤ «ሀብት» የሚለው ቃልም የወጣው ከዚሁ ነው። ዛሬ ሀብት ስንል ቤትና መሬት፣ ከብትና ገንዘብ ይታየናል። በሥሩ ግን ሀብት ማለት የተሰጠ ማለት ነው። እንግዲህ የያዝነው ሁሉ አስቀድሞ ለእኛ የተሰጠ ከሆነ፣ እኛ ስንሰጥ የተቀበልነውን እናሳልፋለን። ይህን የተረዳ ሰው ብዙ ሲሰጥ አይታበይም፤ ጥቂት ሲሰጥም አያፍርም።

ስጦታን የሚመስሉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ እነሱንም ለይተን እንወቃቸው። አንዱ «ብድር» ነው። እዚህ ላይ ብድር ስል የውለታ ምላሽ ማለቴ ነው። በብዙ ቦታ ድግስ ሲኖር ደብተር ይዞ የሚቀመጥ ሰው አለ፤ ማን ምን እንዳመጣ ይጽፋል። ባለድግሱም ያመጣለት ሰው ተራ ሲደርስ ያንኑ ያህል ይዞ ይሄዳል። ይህ ነውር አይደለም። አንድ ቤት ብቻውን የማይችለውን ሸክም ጎረቤት ተካፍሎ የሚያነሣበት መንገድ ነው፤ ዕድራችንና ዕቁባችን የቆሙትም በእንዲህ ያለው መተማመን ላይ ነው። ሁለተኛው «እጅ መንሻ» ነው። እጅ መንሳት ዝቅ ብሎ ሰላምታ ማቅረብ ነውና፣ እጅ መንሻ ታናሽ ወደ ታላቅ ሲቀርብ ፊት ለማግኘት ይዞት የሚገባው ነገር ነው። ብድር የሚሰጥ ሰው ትናንት የተደረገለትን ያስባል፤ እጅ መንሻ የሚያቀርብ ነገ የሚደረግለትን ያስባል። ስጦታ የሚሰጥ ግን የሚያስበው ተቀባዩን ነው። ሦስቱም በአንድ ሰርግ፣ በአንድ ድንኳን ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። የያዝነው የትኛው እንደሆነ ለራሳችን ካወቅን፣ ብድራችንን በብድርነቱ በሰላም እንከፍላለን፤ ስጦታችንንም በስጦታነቱ እናዘጋጃለን።

አሁን ወደ ጥያቄው ልብ እንቅረብ። ስጦታን «የእኔ» የሚያሰኘው ምንድን ነው? እዚህ ላይ «ጌጥ»ና «አሻራ» ይምታቱብናል። ጌጥ ለዓይን ደስ እንዲል በዕቃው ላይ የሚጨመር ነው፤ ሪባኑ፣ የሚያብረቀርቀው መጠቅለያ፣ የወርቅ ቀለሙ። አሻራ ደግሞ ጣት የነካው ቦታ ላይ የሚቀር ምልክት ነው፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ጌጥ ይገዛል። አሻራ ግን ከሚያውቅ ሰው ብቻ ይገኛል።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። በዚህ ዘመን የሙሽሮቹን ስም በኩባያ ወይም በትራስ ልብስ ላይ ማሳተም ተለምዷል። ያምራል፣ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ስማቸው በጥሪ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ጥሪው የደረሰው ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ በኩባያው ላይ ያለው ስም ገና ጌጥ ነው። ሙሽራው ቡና እንደማይጠጣ፣ ሻይ ግን በትልቅ ብርጭቆ ካልሆነ እንደማይጠግብ አውቀን ትልቁን ብርጭቆ ብንመርጥለት፣ ስሙ ባይጻፍበት እንኳ አሻራ አለበት። አሻራ ማለት በጥሪ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን ማወቅ ነው።

ለዚህ ዕውቀት አማርኛችን አንድ ጥሩ ቃል አለው፤ «ልክ»። ልክ መጠን ነው፤ ልክ ትክክልም ነው። ልብስ ልኬ ነው እንላለን፤ ነገርህ ልክ ነው እንላለን። በተቀባዩ ልክ የሆነ ስጦታ ትክክለኛ ስጦታ ነው።

ይህን ከሁሉ አጥርታ የምታሳየን የሳሙኤል እናት ሐና ናት። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 እና 2 እንደምናገኘው፣ ሐና በእንባ ለምና ያገኘችውን ልጅ ጡት ካስጣለችው በኋላ በሴሎ ለእግዚአብሔር ቤት አገልግሎት ሰጠችው፤ በካህኑ በዔሊ እጅም አደገ። እሷም ከባሏ ከሕልቃና ጋር ለመሥዋዕት በወጣች ቁጥር ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር፤ በየዓመቱ። እስቲ በዚህች ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ። ልጁ ከእሷ ርቆ ያድጋል። ባለፈው ዓመት የተሠራው መደረቢያ ዘንድሮ ይጠብበታል። ስለዚህ ሐና መርፌዋን ከማንሣቷ በፊት ያላየችውን ዓመት ማሰብ ነበረባት፤ ክንዱ ስንት ጣት ጨመረ? ትከሻው ምን ያህል ሰፋ? መጽሐፉ የመደረቢያውን ቀለም አልነገረንም፤ ትንሽ መሆኑን ግን ነግሮናል። ልኩን ነገረን ማለት ነው።

ሰብአ ሰገልም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ለሕፃኑ ጌታችን ያቀረቡት ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ እንዲሁ ነው። አባቶቻችን ወርቁን በንጉሥነቱ፣ ዕጣኑን በአምላክነቱ፣ ከርቤውን በሞቱ ይተረጉሙታል። ከርቤ ለሕፃን መቼም የሚመች ስጦታ አይመስልም፤ ሕፃኑ ማን እንደሆነ ለሚያውቅ ግን ልክ ነው።

እስካሁን ያየነውን እንሰብስብ። ስጦታ ከብድርና ከእጅ መንሻ የሚለየው ተቀባዩን በማሰቡ ነው። አሻራም ከጌጥ የሚለየው ተቀባዩን በማወቁ ነው። ይህን ይዘን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ።

ታላቅ ወንድሜ ሊያገባ በተቃረበበት ዓመት እናቴ ጋቢ ልታሠራለት ተነሣች። የተዘጋጀ መግዛት ትችል ነበር። እሷ ግን ጥጡን ገዝታ ዳመጠችው፤ ፍሬውን አወጣች፤ በደጋን ነደፈችው፤ ባዘቶውንም ማታ ማታ በእንዝርት ትፈትለው ጀመር። ልቃቂቱ በሰፌድ ላይ አንድ በአንድ ሲጨመር ይታየኛል። ድሩን ከሱቅ ገዛች፤ ማጉ ግን የእጇ ፈትል ነበር። ድር በርዝመቱ የሚወጠረው ክር ነው፤ ማግ በመወርወሪያ በመካከሉ የሚመላለሰው። ወንድሜ ቁመተ ረጅም ነው፤ የቤታችን ጋቢ እግሩን ሸፍኖለት አያውቅም። እናቴም አንድ ሌሊት እሱ ተኝቶ ሳለ ክር ይዛ ከራሱ እስከ ተረከዙ ለካችው። ክሩን በጥሳ ጫፉን ቋጠረችና በሙዳይዋ አኖረችው። ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ ክሩን በክንዱ ከለካ በኋላ፣ «እማማ፣ ይኼ ከወትሮው ይረዝማል፤ ድር ይጨርሳል» አላት። «ይጨርስ ልጄ፤ እግሩ ይብረደው እንዴ?» አለችው። የዚያ ጋቢ ጥለት ከአንድ ጣት የሚሰፋ አልነበረም። ጌጡ ትንሽ ነው፤ አሻራው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው።

ሁሉም ሰው ይፍተል ማለቴ አይደለም። ሸማኔው፣ ጠላፊዋ፣ መሶብ ሰፊዋ የተማሩትን ሙያ ይሥሩ፤ የእኛ ድርሻ ልኩን ይዘን መሄድ ነው። ሠሪዎቹን ቀድሞ ማነጋገርም የዚሁ ክፍል ነው። ከአክርማና ከስንደዶ በወስፌ የሚሰፋ መሶብ በሰርጉ ሳምንት ታዝዞ አይደርስምና።

ስለ ጥሎሽም አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ጥሎሽ ከሙሽራው ወገን ለሙሽራዪቱ የሚቀርበው ልብስ፣ ጌጣጌጥ፣ ጫማና ሽቶ ነው። ሚዜዎች አንድ በአንድ እያነሡ ለቤተ ዘመድ ያሳያሉ፤ እልልታው ይቀልጣል። መታየቱ በራሱ ክፋት የለበትም፤ ለሙሽራዪቱ የተሰጣት ክብር በምስክር ፊት እንዲሆን ነው። ነገር ግን ማሳየትና መስጠት ሁለት ሥራዎች ናቸው። ያዕቆብ ለዮሴፍ የሰጠው ልብስ እውነተኛ ስጦታ ነበር፤ በወንድሞቹ መካከል ለይቶ ስላለበሰው ግን ምን እንዳስከተለ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 37 እናነባለን። በምዕራፍ 24 ደግሞ የአብርሃም ሎሌ ለርብቃ ወርቅና ብር፣ ልብስም ከሰጠ በኋላ ወንድሟንና እናቷን አልረሳም፤ ለእነሱም የከበረ ስጦታ ሰጠ። የዚያ ሎሌ ማስተዋል ለእኛ ጥሎሽ ይጠቅማል። የሙሽሮቹን ልብስ በአንድ ዓይነት ጥለት ማሠራት ዛሬ የተለመደ ነው። እኔ ይበልጥ የምወደው ያው ጥለት በሁለቱ እናቶች ነጠላ ላይም ሲውል ነው። ወጪው ብዙ አይደለም፤ ልጇን የምትሸኝ እናት ግን በዚያ ቀን እንዳልተረሳች ታውቃለች።

በዓል ሲሆን ልክ ሌላ መልክ ይይዛል፤ በዓል ጊዜ አለውና። ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ጾመ ነቢያት ነው። በዚያ ሰሞን ለሚጾም ሰው በቅቤና በእንቁላል የተሠራ ኬክ ብንወስድ፣ ፍቅራችን መልካም ሆኖ ሳለ ሰውየውን በጾሙና በእኛ መካከል እናስጨንቀዋለን። የጾም ዳቦ ወይም ማር ያው ፍቅር ነው፤ በጊዜው ልክ ሆኖ መጣ እንጂ። ሐዘን ላይ ላለች ጎረቤትም እንዲሁ ነው፤ ደማቅ ጥለት ያለው ቀሚስ ለሌላ ዓመት ይቆይና፣ ዘንድሮ ቡናውን ይዞ አብሯት መዋል ይበልጣል።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ልጆች የሣሉትን ይዘው በየደጁ ሲዞሩ ደግሞ እኛ ተቀባዮች ነን። ልጁ ፀሐይ ሥሏል፣ አደይ አበባ ሥሏል፣ አንዱ ዓይኑ ከሌላው የሚበልጥ መልአክ ሥሏል። ብዙዎቻችን ወረቀቱን ሳናይ ወደ ኪሳችን እንቸኩላለን። ሳንቲሙ ጥሩ ነው፣ ልጁም ይጠብቀዋል። ግን ሥዕሉን አይቶ፣ «ይህቺን አበባ በምን ቀለም ቀባሃት?» ብሎ መጠየቅ ስጦታውን መቀበል ነው። ሳንቲሙ ከዚያ ቀጥሎ ይምጣ። መቀበልም ልክ አለው።

«እኔ የተጠራሁት በሥራ ነው፤ ሙሽራዪቱን በስም ብቻ ነው የማውቃት» የሚል ይኖራል። ይህም አያስጨንቅ። ሚዜዋን ወይም እኅቷን መጠየቅ ይቻላል፤ ቤት ሊገቡ ነው ወይስ ሀገር ሊለቁ? ዕቃ የሚሸከሙ ናቸው ወይስ ሻንጣ? ካልተገኘም ገንዘብ በፖስታ አድርጎ መስጠት ትንሽ ነገር አይደለም። ፖስታው ላይ ከታተመው ምኞት በታች፣ በእጅ ጽሕፈት፣ ስለ እሷ የምናውቃትን አንዲት እውነት እንጻፍ። ለምሳሌ ቢሮ ስትገባ ጥበቃውን በስሙ ጠርታ ሰላም እንደምትል።

ወንድሜ አሁን ኑሮው አሜሪካ ነው፤ ጋቢውም አብሮት አለ። ባለፈው ዓመት እናቴ ለልጁ፣ በዓይኗ ላላየችው የልጅ ልጇ፣ ትንሽ ጋቢ ልታሠራለት አሰበች። በስልክ ልኩን ጠየቀችው። ወንድሜ ልጁን በር አጠገብ አቁሞ በእርሳስ ምልክት አደረገና ከወለሉ እስከ ምልክቱ በክንዱ ለካ። «ሁለት ክንድ ከአንድ ስንዝር» አላት። እናቴ ሙዳይዋን ከፍታ አሮጌውን ክር አወጣችና ለልጁ አዲስ ክር ለክታ ከጎኑ ዘረጋች። ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ፣ «ሰው አግኝቼ እስክልክለት ስንት ወር ይሆናል?» አለችና አንድ ስንዝር ጨመረችበት።